የኪራይ ቀንና የገንዘብ ቀን
በሐዋሳ ከግቢ ውጭ ለሚያድሩ ተማሪዎች የቀረበ ትምህርት



ተማሪዎች ስለ ቤት ኪራይ ሲነጋገሩ ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት የዋጋውን መወደድ ነው። መወደዱን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ሰው፣ ተማሪውን ከቤቱ የሚያስወጣው ዘወትር የኪራዩ ብዛት ሆኖ አይገኝም። ብዙ ጊዜ የሚያስወጣው የቀን አለመገጣጠም ነው። ኪራዩ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ይጠየቃል፤ ገንዘቡ ግን ወሩ ካለፈ በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም የሁለት ወሩ ተጠራቅሞ ይመጣል። በዚህ መካከል ያለው ክፍተት አስቀድሞ ካልታሰበበት የሚሞላው በረኀብና በብድር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ክፍተት መለካትና ማጥበብ የሚቻልበትን መንገድ ማስረዳት ነው። ነገሩ ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ቤት ስትከራዩ ከዋጋው በፊት በመክፈያው ቀን ተስማሙ።

1ኛ/ ችግሩ ከምን ይነሣል?

በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመደበኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ መኝታውን በግቢ ውስጥ፣ ምግቡንም በካፌ ማግኘቱ የተለመደ ነው። ቢሆንም ከግቢ ውጭ የሚያድረው ተማሪ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማረው፣ በማታና በቅዳሜና እሑድ የሚማረው፣ ለመመረቂያ ጽሑፉ ጸጥታ የፈለገው፣ ለሥራ ልምምድ ወደ ከተማው የመጣው፣ በትዳር ያለው፣ ሁሉም አከራይ ፈላጊ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ የአዳሪነቱ ሥርዓት ቀርቶ ተማሪው በሚሰጠው የገንዘብ ድጎማ ከግቢ ውጭ እንዲኖር በተደረገ ጊዜ፣ የዚያን ዘመን ተማሪዎችም ክፍል በጋራ ተከራይተው ኖረዋል። ስለዚህ ደባል መሆን ለኢትዮጵያ ተማሪ የቆየ ልማድ ነው ማለት ይቻላል።

የሐዋሳ ነገር ግን የራሱ ጠባይ አለው። ከተማይቱ የክልል መቀመጫ እንደመሆኗ የመንግሥት ሠራተኛው ብዙ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል ከተመሠረተ ወዲህም ዋና ከተማው ሆና ቀጥላለች። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቆ ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሠራተኞች፣ ይልቁንም ልጃገረዶች፣ በአነስተኛ ደመወዝ አንዲትን ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው መኖር ይዘዋል። እንግዲህ ተማሪው አንዲቱን የሰርቪስ ክፍል የሚሻማው ከተማሪ ጋር ብቻ ሳይሆን ከመንግሥት ሠራተኛውና ከፋብሪካ ሠራተኛው ጋር ነው። እነዚህ ሁለቱ ደመወዛቸው ወር ሲያልቅ ይደርሳቸዋል። አከራይም የሚወደው ገቢው ቀን ያለውን ሰው ነው። የተማሪው ድካም እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘብ ባይጎድለው እንኳ ቀን ይጎድለዋል።

በዚህ ላይ ትምህርት በሚከፈትበት ሰሞን ሁሉም ባንድ ጊዜ ቤት ስለሚፈልግ ዋጋው ይነሣል፤ ደላላውም ይበዛል። የታኅሣሥና የሐምሌ ገብርኤል በሚከበርበት ሰሞን ደግሞ ከተማይቱ በእንግዳ ስለምትሞላ፣ ቤት ሳያገኝ ለጥቂት ቀን አልጋ ይዞ ለመቆየት ያሰበ ተማሪ ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ብዙ ገንዘብ ሊያወጣ ይችላል። የሚቻለው ሰው ከመከፈቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ መጥቶ ወይም በከተማው ያለ ጓደኛውን ልኮ ቤት ቢይዝ ይጠቀማል።

2ኛ/ የምንቀበለው ገንዘብ ምንድን ነው?

ብዙ ተማሪዎች በየወሩ የሚሰጣቸውን የምግብ ገንዘብ እንደ ስጦታ ይቆጥሩታል። ይህ ስሕተት ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ1995 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ቁጥር 91 መሠረት በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ታዝዟል። ይህም ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ከገቢው በየወሩ እየተቆረጠ የሚከፈል ነው። ስለዚህ «ነን ካፌ» ሆኖ ምግቡን በዓይነት ትቶ በገንዘብ የሚቀበል ተማሪ የሚቀበለው በስሙ የተጻፈ ዕዳ ነው፤ የነገው ደመወዙ ነው ቢባልም ያስኬዳል።

ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱ ይታወሳል። በ100 ብር ቢታሰብ በወር 3,000 ብር ይሆናል። አሁን አንድ ተማሪ ከዚህ ላይ 2,000 ብር ለኪራይ ቢከፍል የሚቀረው 1,000 ብር፣ ማለትም በቀን 33 ብር ነው። በ33 ብር ደግሞ ሦስት ጊዜ ቀርቶ ሁለት ጊዜም ጠግቦ ማደር አይቻልም።

ከዚህ የምንማረው የምግብ ገንዘብ ብቻውን ኪራይ አይሸከምም የሚለውን ነው። ከቤተሰብ የሚላክለት፣ በማስጠናት ወይም በሌላ ሥራ የሚያገኘው ተጨማሪ ገቢ የሌለው ተማሪ የግቢውን አልጋ ባይለቅ ይሻለዋል። ነፃነት ደስ የሚያሰኝ ነገር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም በባዶ ሆድ የተገኘ ነፃነት ከክፍል ያስቀራል፤ በፈተና ሰሞንም ያስተኛል።

ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሚማሩት ጓደኞቻችን ችግር ከዚህ ይለያል። ከእነርሱ ብዙዎቹ በላካቸው መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚኖሩ ናቸው። ደመወዙ በሌላ ከተማ ካለው ቤተሰብ ጋር ይካፈላል፤ ለጥናት የተፈቀደው ገንዘብም ደብዳቤው ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲዞር ይዘገያል። ይህም ቢሆን በመሠረቱ ያው የቀን ችግር ነው።

3ኛ/ ክፍተቱን በቁጥር መለካት

አሁን ነገሩን በምሳሌ እንየው። ሦስት ደባሎች በ6,000 ብር አንድ ቤት ተከራዩ እንበል፤ የእያንዳንዱ ድርሻ 2,000 ብር ነው። ከመካከላቸው አንደኛው ከቤቱ 7,000 ብር ይዞ ጥቅምት 1 ቀን ይገባል። የመጀመሪያው ገንዘብ የሚደርሰው ኅዳር 25 ቀን ነው። እንግዲህ በያዘው ገንዘብ መቆየት ያለበት ለ55 ቀን ነው።

ሀ) አከራዩ የሁለት ወር ቅድሚያ ክፍያ ቢጠይቀው፣ ጥቅምት 1 ቀን 4,000 ብር ይከፍላል። የሚተርፈው 3,000 ብር ለ55 ቀን ሲካፈል በቀን 54 ብር ተኩል ያህል ነው።

ለ) ኪራዩን በየወሩ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን ወር በገባ በ1፣ ግማሹን በ26 ለመክፈል ቢስማማ፣ ገንዘቡ እስኪደርስ ድረስ የሚከፍለው 3,000 ብር ነው። የሚተርፈው 4,000 ብር በቀን 73 ብር ያህል ይሆነዋል።

ሐ) ወሩ ሲያልቅ ለመክፈል ቢስማማ፣ እስከ ኅዳር 25 ድረስ የሚከፍለው የጥቅምትን 2,000 ብር ብቻ ነው። የሚተርፈው 5,000 ብር በቀን 91 ብር ያህል ይደርሰዋል።

በሦስቱም መንገድ የቤቱ ዋጋ አንድ ነው፤ አከራዩም አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም። ነገር ግን በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል በቀን የ36 ብር ልዩነት አለ። ይህም ቁርስ በልቶ በመማርና ሳይበሉ በመማር መካከል ያለ ልዩነት ነው። ከዋጋው በፊት በቀኑ ተስማሙ ያልንበት ምክንያት ይኸው ነው። ብዙ ተማሪ 200 ብር ለማስቀነስ ግማሽ ቀን ይከራከራል፤ ስለ መክፈያው ቀን ግን ቃል ሳይተነፍስ ይፈርማል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባል። ወሩ ሲያልቅ የሚከፍል ሰው ገንዘቡ በእጁ ስለቆየ የራሱ መስሎ ሊታየው ይችላል። የአከራዩ ነው። ኅዳር 25 ገንዘብ ሲደርስ የመጀመሪያ ሥራው የኅዳሩን ኪራይ ለይቶ ማስቀመጥ መሆን አለበት።

4ኛ/ ከአከራይ ጋር የሚደረግ ውል

አከራይም ሰው ነው፤ እርሱም የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ፣ የዕድር መዋጮ አለበት። በሐዋሳ ብዙዎቹ አከራዮች ከተከራያቸው ጋር በአንድ ግቢ የሚኖሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹም በጡረታቸው ላይ ኪራዩን ጨምረው የሚተዳደሩ እናቶችና አባቶች ናቸው። ስለዚህ ቀን እንዲራዘምለት የሚፈልግ ተማሪ በምትኩ የሚሰጠው ነገር ሊኖረው ይገባል። ይኸውም በከተማው የሚታወቅ ዋስ መጥራት፣ የተማሪነት መታወቂያውን ቅጂ መስጠት፣ ገንዘቡ መቼ መቼ እንደሚመጣ በግልጽ መንገር፣ እስከ ትምህርቱ መጨረሻ ድረስ ለመቆየት ቃል መግባት ነው። ለአከራይ ቤቱ በዓመት ሦስት ጊዜ ከሚለቀቅበት፣ አሥር ቀን ዘግይቶ ግን ሳያቋርጥ የሚከፍል ሰው ይሻለዋል። «ከፍትፍቱ ፊቱ» እንደሚባለው፣ አነጋገርና አክብሮትም ትልቅ ድርሻ አላቸው። «እማማ፣ ገንዘቤ የሚመጣው በ25 ነው፤ በ26 እከፍላለሁ» ብሎ በመጀመሪያው ቀን የተናገረ ተማሪና በ10ኛው ቀን ከበር ላይ ተሸሽጎ የሚያልፍ ተማሪ እኩል አይታዩም።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። በውሉ ውስጥ ከሚከተሉት አንዱም መጉደል የለበትም፦

— የኪራዩ መጠንና የሚከፈልበት ቀን፤
— አስቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ ለየትኛው ወር እንደሚታሰብ፤
— የመብራትና የውሃ ሒሳብ በቆጣሪ ወይም በነፍስ ወከፍ መሆኑ፤
— በምድጃ ማብሰል የተፈቀደ መሆኑ፤
— ከደባሎቹ አንዱ ቢወጣ ድርሻውን ማን እንደሚከፍል፤
— ክረምት ሲመጣ ቤቱ እንዴት እንደሚሆን።

ሕጉንም ማወቅ ያስፈልጋል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ፣ የቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በሐዋሳ ስላለው የምዝገባ አሠራር ቤቱ የሚገኝበትን ክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ነው። የአራትና የስድስት ወር ኪራይ ባንድ ጊዜ አምጣ የሚባል ተማሪ ይህን አዋጅ በትሕትና ቢያነሣ አይነቀፍም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2952 እንደሚለው፣ ተከራይ ኪራዩን በቀኑ ባይከፍል አከራዩ ውሉ እንደሚፈርስ አስጠንቅቆ ቀን ይሰጠዋል። ይህም ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ውል ከ30 ቀን፣ ለሌላው ከ15 ቀን ሊያንስ አይችልም። በአዲሱ አዋጅ ሥር የሚገባ ውል ደግሞ አዋጁ ስለ መዘግየት ያወጣውን የቀን አቆጣጠር ስለሚከተል፣ ከመፈረም በፊት አንቀጾቹን ማንበብ ያሻል። በማናቸውም በኩል ቢሆን ሕግ የሚሰጠን ቀናትን እንጂ ወራትን አይደለም። ሕጉ ዕቃችን በድንገት ወደ ውጭ እንዳይጣል ይጠብቀናል፤ ኪራያችንን ግን አይከፍልልንም።

ክፍያው ሁሉ በባንክ ወይም በቴሌብር ቢፈጸም ማስረጃው ይቀራል። በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ካለ በደብተር ላይ ቀኑ ተጽፎ የአከራዩ ፊርማ ይኑርበት።

5ኛ/ ክፍተቱን የሚሞሉ ነገሮች

ቀኑን ካስተካከልን በኋላም ጥቂት ክፍተት መቅረቱ አይቀርም። ይህን ለመሙላት ከአያቶቻችን የወረስናቸው ዘዴዎች አሉን።

አንደኛው ስንቅ ነው። ከቤተሰብ በገንዘብ 1,000 ብር ማስላክ ከሚከብድበት ጊዜ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ቆሎ ማስላክ ሊቀል ይችላል። ሽሮና በርበሬ ያለው ተማሪ ከገበያ የሚፈልገው እንጀራ፣ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው። ሦስት ደባሎች በተራ ቢያበስሉ ደግሞ ማገዶውም መብራቱም ለሦስት ይካፈላል።

ሁለተኛው ዕቁብ ነው። ለምሳሌ ስድስት ጓደኞች በየ15 ቀኑ 500 ብር ቢያዋጡ፣ በየዙሩ 3,000 ብር ለአንዱ ይደርሳል፤ በ90 ቀን ውስጥም ለሁሉም ይዳረሳል። ይህ ከአንድ መንፈቀ ዓመት ስለማያልፍ ለተማሪ ይስማማል። በተለመደው ዕቁብ ባለ ተራው በዕጣ ይለያል፤ በተማሪ ዕቁብ ግን ኪራዩ ቀድሞ የሚደርስበት ሰው ቀድሞ እንዲወስድ መስማማት ይቻላል። ቀድሞ የወሰደ ሰው መዋጮውን እንዳያቋርጥ ዋስ ይጥራ፤ አንድ ዳኛና አንድ ጸሐፊም ይመረጡ። ማንም ሰው ካዋጣው በላይ አያገኝም፤ ሁሉም 3,000 ከፍሎ 3,000 ይወስዳል። ዕቁብ ገንዘብ አይወልድም፤ ቀን ያዛውራል እንጂ። ለእኛም የሚያስፈልገን ይኸው ነው።

ሦስተኛው የማይነካ የአንድ ወር ኪራይ ማስቀመጥ ነው። በክረምት ሠርቶ ወይም ተማሪ አስጠንቶ የተገኘች ገንዘብ በልብስና በስልክ ከመጥፋቷ በፊት የአንድ ወር ኪራይ ያህሉ ለብቻው በባንክ ይቀመጥ። ይህች ገንዘብ ብትወጣም የዘገየው ሲመጣ በመጀመሪያ የምትተካው እርሷ ናት። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው።

6ኛ/ ስለ ብድር

ጓደኛ ለጓደኛ ማበደሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወዳጅነትን ከሚያፈርሱት ነገሮች አንዱ ያልተጻፈ ብድር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ማስረጃ እንዲረጋገጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ወረቀት መጠየቅ አለመተማመን ተብሎ ሊተረጎም አይገባም።

ከማያውቁት ሰው በወለድ መበደር ግን የከፋ ነገር ነው። ያው ሕግ በቁጥር 2479 ተዋዋዮች ከ12 በመቶ የዓመት ወለድ በላይ እንዳይስማሙ ይከለክላል። «በወር 10 በመቶ» የሚል አበዳሪ በዓመት 120 በመቶ እየጠየቀ ነው፤ ይህም ሕግ ከፈቀደው ዐሥር እጥፍ ነው። በስልክ የሚገኘውም አነስተኛ ብድር ክፍያ እንዳለበት መርሳት አይገባም፤ ገንዘቡ የሚመጣበት ቀን በእርግጥ ለታወቀ ሰው ለጥቂት ቀናት ይረዳ ይሆናል፤ ቀኑን ለማያውቅ ሰው ግን ክፍተት በክፍተት ላይ ይጨምርበታል።

ስለ ሴት ተማሪዎች ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። ብቻዋን ተከራይታ ኪራይ የዘገየባት ልጅ ላይ አንዳንድ ሰው ዕዳዋን ማስፈራሪያ ሊያደርገው ይሞክራል። ቀን ያለው የተጻፈ ውል፣ አብራት የምታድር ደባል፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ዋስ ቢኖሯት እንዲህ ያለው ሰው መግቢያ ያጣል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማት እኅታችን ነገሩን በዝምታ እንድትሸከመው አይገባም፤ ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት፣ ለማኅበሩም የሴቶች ጉዳይ ተጠሪ ትንገር። ዕዳ ሌላ ነው፤ ወንጀል ሌላ ነው። አንዱ በሌላው አይከፈልም።

7ኛ/ የማኅበራችን ተግባር

እስካሁን የተናገርነው እያንዳንዱ ተማሪ ሊያደርገው ስለሚችለው ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የሚዘገየው በተማሪው ጥፋት አይደለምና፣ መፍትሔውን ሁሉ በእርሱ ጫንቃ ላይ መጣል ፍርድ ማጉደል ይሆናል። ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበር በሚከተሉት ሦስት ነገሮች ላይ ቢነጋገር ይበጃል።

ሀ) የገንዘቡ መክፈያ ቀን በየመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ የሚዘገይም ከሆነ ከአሥር ቀን በፊት እንዲነገር መጠየቅ። የዘገየ ገንዘብ ቀኑ ከታወቀ ከአከራይ ጋር መነጋገሪያ ይሆናል፤ ቀኑ ያልታወቀ ገንዘብ ግን ለምንም አይሆንም።

ለ) ገንዘቡ መዘግየቱን የሚገልጽ፣ ተማሪው ለአከራዩ የሚያሳየው አጭር ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው እንዲሰጥ ማድረግ። ይህ ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ የብዙ ሰው ቤት ግን ያድናል።

ሐ) የኪራይ ውል ናሙና አዘጋጅቶ በየዓመቱ መጀመሪያ ማባዛትና ለተማሪው ማደል፤ ከተቻለም ያለ ወለድ ለአንድ ወር የሚያበድር አነስተኛ የመረዳጃ ሣጥን ማቋቋም።

ተማሪ ጓደኞቼ፤ የኪራይ ነገር ከትምህርታችን ውጭ የሆነ ጥቃቅን ጉዳይ መስሎ ሊታየን አይገባም። ብዙ ብሩህ ልጆች ከትምህርታቸው የሚሰናከሉት ፈተና ከብዷቸው ሳይሆን፣ ፈተናው በደረሰበት ሳምንት የሚያድሩበት አጥተው ነው። እንግዲህ ዛሬውኑ አንድ ወረቀት አንሡና በግራ በኩል የኪራያችሁን ቀን፣ በቀኝ በኩል የገንዘባችሁን ቀን ጻፉ። በሁለቱ መካከል ያሉትን ቀናት ቁጠሩ። ቁጥሩን ይዛችሁም ነገ ጠዋት ወደ አከራያችሁ ሂዱ፤ ቀኑ ሳይደርስ የተነገረ ቃል ቀኑ ካለፈ በኋላ ከሚቀርብ ምክንያት ሁሉ ይሰማልና።